በጡቴ ይዤ ያስመጣሁት ኪኒን

ጉልበቴ ድኗል። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ «ሴትዮዋ ምን ሆና ይሆን?» እያለ እንዳይጨነቅልኝ ነው። ቀኝ እግሬ ውስጥ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ገብቶልኛል፤ ከቤቴ እስከ ገበያ ያለ ምርኩዝ ደርሼ እመለሳለሁ። ያልዳነ ነገር ካለ ሌላ ቦታ ነው፤ የምጽፈውም ስለ እሱ ነው። ቀዶ ሕክምና የምትጠብቁ፣ ወይም ቤታችሁ የታመመ ሰው ያላችሁ፣ ከእኔ ስሕተት አንዱን እንኳ ብታስቀሩ ይበቃኛል። ልጄን ሰናይትን አስፈቅጄ ነው የጻፍኩት። «ሁሉንም የማትጽፊው ከሆነ ይቅርብሽ» ብላኛለች።

ሠላሳ ዓመት ያህል የግብርና ባለሙያ ሆኜ ሠርቻለሁ። ቤቴ ደባርቅ ነው፤ እግሬ ግን ከተማ አያውቅም ነበር። ለገብስ ዘር ጊች፣ ለማሽላ ተባይ አዲ አርቃይ፤ አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች። ሰው ዳገቱ ጉልበት የሚጨርስ ይመስለዋል። ዳገት ያደክማል እንጂ አይጎዳም፤ ጉልበት የሚበላው ቁልቁለቱ ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት ከተበላልኝ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ከመቀመጫዬ ስነሣ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ እብጠት፣ ከዚያ ማነከስ መጣ። አንዱ ክሊኒክ «ሪህ ነው፤ ሥጋና ምስር ተዪ» አለኝ። በጾም ምስር የተከለከለች የደባርቅ ሴት ምን ትበላለች? ስድስት ወር በሽሮ ኖርኩ፤ ጉልበቴ ግን ሽሮና ምስር አልለየም። ሌላው ክሊኒክ ደም መርምሮ ታይፎይድ አለብሽ አለኝ፤ ጉልበቴን ይዤ ሄጄ የታይፎይድ መርፌ ተወግቼ ተመለስኩ። ወጌሻው «ወልቋል» ብሎ ጎተተኝና ሳምንት ሙሉ መቆም አቃተኝ። የቀረው ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ «ብርድ ነው» አለ። ደባርቅ ውስጥ ብርድ ያልሆነ በሽታ የለም።

በመጨረሻ ጎንደር ራጅ ተነሣሁ። ሐኪሙ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አሳየኝ። «በሁለቱ አጥንቶች መካከል ለስላሳ ልባስ ነበር። አልቋል። አሁን አጥንት ከአጥንት እየተፋጨ ነው» አለኝ። ለዚህ ደረጃ ያለው መፍትሔ መገጣጠሚያውን መቀየር ብቻ መሆኑን ነገረኝ። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ወጪውን ችሎ አስጠራኝ፤ ቀዶ ሕክምናው እዚያ ተደረገልኝ።

ከዚያ ሆስፒታል አንዲት ሴት አልረሳም። እንቅስቃሴ የምታሠራኝ ወጣት ባለሙያ ነበረች። በሁለተኛው ቀን አልጋዬ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ «እማማ፣ ዶክተሩ ሥራውን ጨርሷል። የቀረው የእርስዎ ነው» አለችኝ። የቀረው ሦስት ነገር ነበር። በቀን ሦስት ጊዜ ጉልበቴን ማጠፍና መዘርጋት፤ ሲያብጥ በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ ማድረግ፤ ትራማዶል የሚባለውን ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ለሁለት ሳምንት እየቀነሱ ወስዶ ከዚያ በፓራሲታሞል ብቻ መቀጠል። «ትራማዶል ለእንቅስቃሴው እንዲያግዝዎት ነው የታዘዘው» አለችኝ። «ጉልበቱን አያድነውም። ብዙ ከቆየ ሰውነት ይለምደዋል፤ ሲቀርም ራሱ በሽታ ይሆናል።» ሁሉንም በጥሩ ጽሕፈት ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ። ወረቀቱን ዳዊቴ ውስጥ አስገባሁት። በየቀኑ ዳዊት ስደግም የደረስኩበትን ለማወቅ እንደ ምልክት እጠቀምበት ነበር እንጂ አንድ ቀን ገልጬ አላነበብኩትም።

ደባርቅ ስገባ ቤቱ በጠያቂ ተሞላ። በእኛ አገር የታመመን መጠየቅ ግዴታ ነው፤ እኔም ስንቱን ጠይቄ ስለኖርኩ ሁሉም መጣ። ግንባር ቀደሟ ጎረቤቴ እትየ ውዴ ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ድምፃቸው ግን ተራራው ላይ እስካለው ሳንቃ በር ድረስ ይሰማል። ሰናይት በመጀመሪያው ቀን በፌስታል በረዶ ይዛ ስትገባ እትየ ውዴ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«በረዶ ነው፣ እትየ። እብጠቱን ያወርደዋል።»

«በደባርቅ ብርድ ላይ በረዶ? ምነው ልጄ! እናትሽን ልትገያት ነው? አውጭው ከዚህ!»

ሌሎቹም አጨበጨቡላቸው። እኔ ራሴ የተነገረኝን እያወቅሁ «ተይው ይቅር» አልኳት። ጉልበቴ በሁለት ጋቢ ተጠቀለለ፤ ማታ ማታ የሞቀ ጨው በጨርቅ ይደረግበት ጀመር። እብጠቱ ባሰበት።

ማጠፉንም እንዲሁ ተውኩት። ጠያቂ ፊት የሚንቀሳቀስ በሽተኛ ቤተሰቡን ያሳማል። ምርኩዜን ይዤ ልነሣ ስል ዐሥር ሰው አብሮኝ ይነሣል። «ተኚ! ምን ጎደለሽ? እኛ ምን ልንሠራ መጣን?» ውኃ ከእጄ ይቀበላሉ፣ ትራስ ይደረድሩልኛል፣ እግሬን እንደ ታቦት ያከብሩታል። ደግነታቸው ደስ ይል ነበር። ሠላሳ ዓመት ሰው ሳገለግል ኖሬ ተራዬ ደረሰ ብዬ ተኛሁ።

የተኛ ጉልበት ይደርቃል። የደረቀ ጉልበት ሲነካ ያማል፤ ሲያም ደግሞ ኪኒኑ አለ። ጠያቂ ከመምጣቱ በፊት አንድ እወስድና ፈገግ ብዬ እቀበላለሁ፤ ሲሄዱ አንድ እደግማለሁ። ሕመሙ ሲሸሽ ልቤም ይቀልልኝ ነበር፤ አልዋሽም፣ ደስ ይለኝ ነበር። በየሳምንቱ ጎንደር ሄጄ እንቅስቃሴ መሥራት ነበረብኝ። መንገዱ ተዘግቶ ነበር እላለሁ፤ እውነት ነው። ሲከፈትም አልሄድኩም፤ ይህም እውነት ነው።

ሰናይት ፋርማሲስት ናት። ያን ጊዜ ደባርቅ በአንድ የግል መድኃኒት ቤት ትሠራ ነበር። ከሆስፒታል የመጣው ኪኒን ሲያልቅ «አምጪልኝ» አልኳት።

«እማየ፣ ወረቀቱ ሁለት ሳምንት ነው የሚለው። ሦስተኛው ላይ ገብተናል። ይኼ መድኃኒት ደግሞ ያለ ልዩ ማዘዣ አይወጣም። ሐኪም ቤት ልውሰድሽና ይዩሽ።»

«እኔ ልቆም አልችልም አንቺ ሐኪም ቤት ትይኛለሽ?»

«ባጃጅ አመጣለሁ።»

አለቀስኩ። ገሚሱ የሕመም ነበር፤ ገሚሱ አልነበረም። ለቅሶውም አላዋጣ ሲለኝ የማይባለውን አልኩ። ነጠላዬን ገልጬ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «በጠባሽው ጡቴ ይዤሻለሁ!» አልኳት።

ይህን ቃል በእኛ ዘንድ እናት እንዲሁ አታወጣውም። ልጅ ደም ሊመልስ ጠመንጃ ሲያነሣ፣ ወንድምና ወንድም ሊጋደሉ ሲሉ የሚባል ነው። የተያዘ ልጅ እምቢ አይልም፤ እምቢ ካለ ነውር ነው፣ ይቀሠፋል ይባላል። እናቴ በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ ስትለው ሰምቻለሁ፤ እሱም ነፍስ ለማዳን ነበር። እኔ ለኪኒን አልኩት። ሰናይት ፊቷ ተለዋወጠ፤ ወደ ጓዳ ገባች። በማግሥቱ ከሥራ ስትመለስ አንድ ፓኮ ኪኒን ዳዊቴ ላይ አስቀመጠችልኝ። ከዚያ በኋላ ቃሉን መድገም አላስፈለገኝም፤ ዓይኔን ካየች ታመጣ ነበር።

ሁለት ወር እንዲህ ሄደ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ቤት መጣች። «ከሥራ ወጣሁ» አለችኝ። ለምን ብዬ ብጠይቃት «ታውቂዋለሽ» ብላ ልብሷን ልትቀይር ገባች። የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። ባለቤቱ አቶ ደምሴ የማዘዣ ወረቀቱንና መደርደሪያው ላይ ያለውን ኪኒን ሲያመሳክር አልገጥም አለው። ጠየቃት። «እኔ ነኝ የወሰድኩት» አለች። «ለማን?» ቢላት ዝም። ሦስት ጊዜ ጠይቋት ሦስት ጊዜ ዝም አለች። ከተማው ደግሞ ዝምታ ሲያገኝ በራሱ ወሬ ይሞላዋል።

በሚቀጥለው እሑድ ጠያቂዎቼ እንደ ወትሮው ከቅዳሴ ወደ እኔ ቤት መጡ። እትየ ውዴ አጠገቤ ቁጭ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ የእሳቸው ዝቅታ ጓዳ ድረስ ይሰማል።

«ይታይሽ እኅቴ፣ በሽተኛ ነሽ ብሎ ማንም አይነግርሽም፣ እኔ ልንገርሽ። ልጅሽ ኪኒን ለምዳለች አሉ። ከመድኃኒት ቤቱ ያወጣት እሱ ነው። ሳይብስባት ጠበል ውሰጃት።»

ሁሉም ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። አሁን ተናገሪ አለኝ ልቤ። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት በየማሳው እየዞርኩ «ከልኩ ያለፈ መድኃኒት መርዝ ነው» እያልኩ ገበሬ ያስተማርኩ ይታይሽ ነኝ። እዚያ ቁጭ ካሉት ሴቶች የግማሾቹን ባሎች ያስተማርኩ ነኝ። አፌን ከፍቼ «እግዚአብሔር ያውቃል» አልኩ።

ከዚህ የከፋ ውሸት የለም፤ ስሙን ጠርቼ ልጄን አሳልፌ ሰጠሁ። ሰናይት ጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ወጣች፤ ለእንግዶቹ እጅ ነሣች። ከዚያ ትራሱ ከእግሬ ሥር ተንሸራቶ ነበርና ጎንበስ ብላ አስተካከለችልኝ። ቀና ስትል አላየችኝም።

ኪኒኑ ከአራት ቀን በኋላ አለቀ። ላብ ያጠምቀኝ፣ አፍንጫዬ ያለማቋረጥ ይፈስ፣ እግሮቼ አልቀመጥ ይሉኝ ጀመር። ጠያቂው «ብርድ ነው» አለ፤ አንዷ «የሰው ዓይን ነው» አለች። ሰናይት ግን ባጃጅ አምጥታ ሳታማክረኝ ሆስፒታል ወሰደችኝ። መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተራ እስኪደርሰን ስንቀጠቀጥ አንዲት የማላውቃት የገጠር ሴት ጋቢዋን አውልቃ ደረበችልኝ። እንኳን ስሟን፣ ከየት እንደመጣች እንኳ ሳልጠይቃት ተጠራሁ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። «በቀን ስንት ነበር የሚወስዱት?» አለኝ። «ሁለት» አልኩ። ቀና ብሎ አየኝ። «ስድስት» አልኩ። «አንዳንዴ ሰባት።» አልተቆጣም። «ይህ ብርድ አይደለም። ሰውነትዎ ኪኒኑን ለምዶ ነው» ብሎ በአንድ ጊዜ ማቆም እንዳልነበረብኝ፣ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየቀነስን እንደምንወርድ አስረዳኝ። ይህ ገባኝ። የሊማሊሞን ቁልቁለት በቀጥታ የሚወርድ የለም፤ በየመጠምዘዣው ዞሮ ዞሮ ነው።

ከዚያ ማዘዣውን እየጻፈ እንዲህ አለኝ። «ኪኒኑን በእጅዎ አይያዙ። የቀን የቀኑን የሚሰጥዎት የሚታመን ሰው ይኑር። ልጅዎ ግን ባትሆን ይሻላል። አይቀየሙኝ፣ የሚባል ነገር ሰምቻለሁ።»

ሰናይት ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። እንደገና ዝም ልትልልኝ መሆኑን ሳውቅ እጄን ማዘዣው ላይ ጫንኩ።

«እሷ አንዲት ፍሬ ቀምሳ አታውቅም» አልኩት። «የጠፋው ኪኒን ሁሉ የእኔ ነው። እምቢ ስትለኝ በጡቴ ይዤ ነው ያስመጣኋት።»

ብዕሩን አስቀመጠ። የእኛ አገር ልጅ መሆን አለበት፤ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳው አላስፈለገኝም። «እንግዲያው ኪኒኑን እሷ ትያዝ» አለ።

ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ የምታመሰግነኝ መስሎኝ ነበር። «ለዶክተሩ ነገርሽው» አለች ወደ ውጭ እያየች። «ዶክተሩ ግን እሑድ እሑድ ቤታችን አይመጣም።»

እሑድ መጣ። ሁሉም እስኪሰበሰቡ ጠበቅሁና ምርኩዜን ይዤ ተነሣሁ። «ተኚ!» አሉ እንደ ልማዳቸው። «አልተኛም። ቆሜ የምናገረው አለኝ» አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስንት እንደምውጥ፣ በምን እንደያዝኳት፣ ያን ዕለት ለምን ዝም እንዳልኩ። ስጨርስ እትየ ውዴ ብድግ አሉ።

«አንቺ ሴትዮ! ኪኒኑን ዋጥሽ፣ እሺ፣ ሕመም ነው። ግን እኔ ሰባ ዓመት የጠበቅሁትን ምላሴን የንጹሕ ልጅ ስም አስጠፋሽበት! ሳምንት ሙሉ በየደጁ ሳወራ ዝም ብለሽ አየሽኝ! አሁን ንስሐ የምገባው እኔ ልሁን?»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትየ።»

«እኔን ተይኝ። የት ናት ልጅቱ?» ብለው ጓዳ ገቡ። ምን እንዳሏት አላውቅም፤ ሁለቱም ዓይናቸው ቀልቶ ወጡ።

በማግሥቱ አቶ ደምሴ ዘንድ ሄድኩ። ከቤቴ መድኃኒት ቤቱ ቅርብ ነው፤ ያን ቀን ግን ከጊች ወደ ደባርቅ ከወረድኩባቸው መንገዶች ሁሉ ረዘመብኝ። አራት ጊዜ ቆሜያለሁ። ሰናይት ባጃጅ ልጥራ ስትለኝ እምቢ አልኳት። አቶ ደምሴ አዳምጦኝ ሲያበቃ ራሱን ነቀነቀ። «ያኔ ቢነግሩኝ ኖሮ፣ ወይዘሮ ይታይሽ፣ መላ አይጠፋም ነበር። አሁን በቦታዋ ሰው ቀጥሬያለሁ። ልመልሳት አልችልም» አለኝ። ደባት መድኃኒት ቤት ላለው አንድ ባልንጀራው ግን የታማኝነት ደብዳቤ ጻፈላት። ያን ሁሉ ቀን ዝም ባልል ልጄ ዛሬ ቤቷ አድራ ሥራዋ ትውል ነበር። ይህን ማንም አይፍቅልኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጉልበቴ ነው፣ ባጭሩ ልናገረው። የባለሙያዋን ወረቀት ከዳዊቴ አውጥቼ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ሰናይት ጠዋት ጠዋት የዕለቱን ኪኒን ትሰጠኛለች፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትቀንሳለች። አንዳንድ ሳምንት አላስኬድ ሲለን ሐኪሙን ጠይቀን ባለንበት ቆምን እንጂ ወደ ኋላ አልተመለስንም። ከማጠፌ በፊት ፓራሲታሞል፣ ካጠፍኩ በኋላ በረዶ። በረዶውን የሚያደርጉልኝ ማን መሰሏችሁ? እትየ ውዴ ናቸው። «በረዶ በደባርቅ! ጉድ እኮ ነው!» እያሉ በጨርቅ ጠቅልለው ይጭኑብኛል። ጠያቂዎቼም ቁጭ ማለት ቀርቶ ሁለት ሁለት እየሆኑ ያራምዱኝ ጀመር። ወሬው ያው ነው፤ በእግር ሆነ እንጂ። የደረቀ ጉልበት ሲታጠፍ ያስጮኻል፤ ጮኼአለሁ። ኪኒኑ ከወራት በኋላ ሙሉ በሙሉ ቀረ።

የመጨረሻዋን ፍሬ የዋጥኩ ዕለት፣ ሰናይት ለደባት ሥራዋ ሻንጣዋን እያዘጋጀች ነበር። ሳስብበት የከረምኩት ነገር ነበር። ነጠላዬን አጣፍቼ ፊቷ ቆምኩ። በጡት የያዘች እናት ራሷ ካልፈታች ልጇ እንደታሰረ ይኖራል።

«ሰናይትየ፣ የዚያን ቀን በያዝኩበት ቃል ዛሬ ፈትቼሻለሁ። በእኔ ቃል የተነካ ነገርሽን እግዚአብሔር ይመልስልሽ» አልኳት።

ልብሷን ማጠፍ አቆመች።

«እማየ፣ እኔ እኮ ስለያዝሽኝ አይደለም ያመጣሁት።»

«እና?»

«እኔ ሳውቅሽ ፊቴ አልቅሰሽ አታውቂም። አባየ ሲሞት እንኳ ደጅ ወጥተሽ ነው ያለቀስሽው። ስታለቅሽ አላስችል ብሎኝ ነው። ባትይዥኝም አመጣልሽ ነበር።»

ገሚሱ ለቅሶ የእውነት እንዳልነበረ ያን ጊዜ አልነገርኳትም። እዚህ ነው የጻፍኩት፤ ሁሉንም ካልጻፍሽው ብላለችና። ረቂቁን ስሰጣት እዚያ ቦታ ላይ ስትደርስ ብዙ ቆየች። ከዚያ ገጹን ገለጠችና ንባቧን ቀጠለች።

ቅዳሜ ማታ ትመጣለች፤ ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ወደ ደባት ትመለሳለች። እስከ መናኸሪያው በእግሬ እሸኛታለሁ። መንገዱ መጨረሻው ላይ ቁልቁል ነው፤ ቁልቁለት አሁንም እፈራለሁ። ባለፈው ሰኞ እዚያ ስንደርስ፣ ሳልጠይቃት እጇን ዘረጋችልኝ።